ላቡ እስኪደርቅ

ጥቅምት 9 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? እኛ ደህና ነን ብዬ እንድጀምር እማዬ አዝዛኛለች። ስለዚህ ደህና ነን።

ስለ ወንድሜ የላኩት የሐዘን ደብዳቤ ባለፈው ማክሰኞ ደርሶናል። እማዬ ማንበብ ስለማትችል እንደ ወትሮው እኔ ነኝ ያነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ምስጋናዋን እንደነገረችኝ አድርጌ እጽፋለሁ፦ «ወንድሜ፣ ሩቅ ሆነህ ስላለቀስክልኝ ፈጣሪ እንባህን ይቁጠርልህ። ልጄን አሠልጥነህ ሰው ልታደርገው ነበር፤ አልሆነም። እጅህ አይጉደል፣ ጤናህ አይጉደል፤ እኔን ግን አትጠይቀኝ፣ ምን እንደምመልስልህ አላውቅም።» የእሷ እዚህ ላይ አለቀ።

ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው። እሷ አታውቀውም።

የደብዳቤዎ ሁለተኛ ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ «ለመሆኑ ላቡ ሳይደርቅ ቀዝቃዛ ውሃ የሰጠው ማነው? በዚያ ትኩሳት ላይ እንኳን ልጅ በሬም አይችለው።» ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። አስቀድሜ ባየው ኖሮ እዘለው ነበር። ዓይኔ ግን ከአፌ እኩል ነው የደረሰው።

ውሃውን የሰጠችው እሷ ናት። ይህን እርስዎ ላያውቁ ይችላሉ። ወንድሜ ቅዳሜ ጠዋት ከረጅሙ ሩጫ ሲመለስ እግሩ እየተጠላለፈ ነበር። በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ፤ ከንፈሩ ነጭ ነበር። እማዬ ማቀዝቀዣውን ከፍታ በብርጭቆ ሰጠችው። ጠጣ፣ አስመለሰው፣ ከዚያ ወደቀ። ጤና ጣቢያ ደርሰን ሐኪሙ «መጨረሻ የወሰደው ነገር ምንድነው?» ብሎ ሲጠይቅ «ቀዝቃዛ ውሃ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለችው። ሐኪሙ ጻፈው። ምንም ሳይላት ሌላ በሽተኛ መጥቶ ተጠራ። እሷ ያን ዝምታ እንደ ፍርድ ወሰደችው፤ የእርስዎ ደብዳቤ ደግሞ ማኅተሙን መታበት።

ከማክሰኞ ጀምሮ ከእንቅልፏ ተነሥታ እስከ ከሰዓት በኋላ ውሃ አትቀምስም። ወንድሜ ይሮጥበት የነበረው ሰዓት እስኪያልፍ ነው መሰለኝ መጀመሪያ፤ አሁን ግን እየጨመረች ነው። ማቀዝቀዣውን በእጇ አትነካውም። ወደ ማታ ለብ ያለ ውሃ ሁለት ጉንጭ ትጠጣና ትተወዋለች። «ውሃው አይደለም የገደለው» አልኳት። «አንተ ምን ታውቃለህ? አጎትህ አሠልጣኝ ነው፤ ስንቱን ያየ ሰው ነው» አለችኝ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ውሃው እንዳልገደለው ለእሷ ይጻፉላት። ከእርስዎ ከመጣ ታምናለች። አጭር ቢሆንም ይበቃል።

የእህትዎ ልጅ፣
ትንሹ


ኅዳር 6 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ለሰዓት ያዡ፣

ፈጣሪ ያበርታህ፣ ያሳድግህ፣ ለእናትህ መከታ ያድርግህ። እኔ በመልካም ጤንነት ላይ እገኛለሁ፤ ብርዱ ጉልበቴን ከመቆርጠሙ በስተቀር። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ልጆቹ ትራክ ላይ ናቸው፣ እኔ ዳር ቆሜ እያየሁ ኪሴ ውስጥ እንደ ፍም አቃጠለኝ።

እናትህን በርቺ በልልኝ። ሴት ልጅ በሐዘን ጊዜ ብዙ ነገር ታስባለች፤ ቀስ እያለ ይለቃታል። አንተም ስለ ውሃና ስለ ሐኪም እየደጋገምክ አትቆስቁስባት። ያለፈው አልፏል። እኔ የጻፍኩት ተናድጄ እንጂ ማንንም ለመክሰስ አልነበረም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ለወንድምህ እዚህ ክበብ ውስጥ ያስያዝኩለት ቦታ አለ። የወጣት ሯጮች ምርጫ ግንቦት ላይ ነው። ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ሲቀር ማየት አልችልም። አንተ ሰዓት ይዘህ ከኋላው በብስክሌት ስትከተል ሁለት ዓመት ሆኖሃል፤ ሳንባህ መጥፎ እንዳልሆነ ወንድምህ ሸንበቆው ራሱ ጽፎልኛል። «ትንሹ ብስክሌቱን ቢጥል ይቀድመኛል» ብሎ ነበር፣ ታውቃለህ? አጥንትህ ገና ነው፣ ይቀረጻል። ጠዋት ጠዋት ጀምር። ወደ እናንተ በሚመጣ ሰው እጅ ጫማ ልኬልሃለሁ፤ ቁጥሩ የወንድምህ ነው፣ ካልሲ ደርብበት። በየሳምንቱ ሰዓትህን እየጻፍክ ላክልኝ።

አባትህ ካረፈ ጀምሮ ለእናንተ ያለኋችሁ እኔ ነኝ። ይህን አትርሳ።

አጎትህ


ኅዳር 27 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን አሉ? ጉልበትዎን ይማርልዎ። ጫማው ደርሷል። እማዬ ካርቶኑን እንዳየች ወደ ሌላው ክፍል ገባች። አልጋ ሥር አስቀምጬዋለሁ። አልጀመርኩም።

ለእማዬ የሚሆን ገጽ ፖስታው ውስጥ ይኖራል ብዬ ገልብጬ አራገፍኩት። አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ሥራ ቦታ ወደቀች። የምትሠራበትን ቤት እርስዎ አላዩትም፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ አሥራ ሁለት የስፌት መኪና በሁለት ረድፍ ተደርድሯል፣ መጨረሻው ላይ የእንፋሎት ካውያው ሲያፏጭ ይውላል። የተማሪ ሸሚዝ አንገት ነው የምትሰፋው። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልጠጣችም ነበር። ራሷን ስታ በመኪናው ላይ ስትደፋ መርፌው ጣቷን በሳው። ኃላፊዋ ናት ደግፋ ቤት ድረስ ያመጣቻት፤ ሴትዮዋ ቀልደኛ ናት፣ ደንግጣ እንኳን «እናትህ ራሷን ከሸሚዝ ጋር ልትሰፋው ነበር» አለችኝ። ማንም አልሳቀም። ጤና ጣቢያ ኩላሊቷ እየተጎዳ ነው፣ ቀኑን ሙሉ እየቆራረጠች ትጠጣ ብለው ጠርሙስ ሰጧት። ጠርሙሱን ይዛ ትወጣለች፣ ባዶውን ይዛ ትመለሳለች። ኃላፊዋ እንደነገረችኝ ከሆነ መታጠቢያው ላይ ነው የምትደፋው።

«ቀስ እያለ ይለቃታል» ብለዋል። አልለቀቃትም። ስለዚህ ማንሣት ያልፈለግሁትን ነገር ላነሣ ነው።

የሐምሌ ደብዳቤዎ በወንድሜ ፍራሽ ሥር ነበር፤ አሁን እኔ ጋ ነው። ለወንድሜ እንዲህ ብለው ጽፈውለታል፦ «ከእንቅልፍህ ከተነሣህ ጀምሮ ሩጫህን ጨርሰህ ላብህ እስኪደርቅ ድረስ ውሃ በአፍህ እንዳይዞር። ውሃ እግር ያከብዳል፣ ልብ ያሰንፋል። ደረቅ ልምምድ ነው ሯጭ የሚያደርገው። ሰዓት ያዡ ይጠብቅህ።»

ወንድሜ ይህን ለእማዬ አላነበበላትም። ለእኔ ግን አነበበልኝ፣ እየሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁለት ወር ተኩል ጠዋት ጠዋት ደረቁን ሮጠ። ከጠጠር ማምረቻው እስከ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ተመልሶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ዙር። እየከሳ ሲሄድ «አሁን ሯጭ መሰልኩ» ይል ነበር።

የባዮሎጂ መምህራችንን ጠይቄያለሁ። የራሴ ጉዳይ አስመስዬ ነው የጠየቅኩት። ከመውጣትህ በፊት አንድ ሁለት ብርጭቆ፣ መንገድህ ረጅም ከሆነና ፀሐይ ካለ ጉንጭ ጉንጭ እያልክ፣ ስትመለስ ደግሞ ላብ የወሰደብህን ቀስ ብለህ መልስ አለኝ። «ሳይጠጣ የሚሮጥ ሰው ካለስ?» ስለው «ለምን ብሎ?» አለኝ። መልሱ እርስዎ ጋ ነው ያለው።

ሌላም ነገር አለ። ግድግዳችን ላይ ያለውን ፎቶዎን፣ ፊሽካ አንገትዎ ላይ አንጠልጥለው የተነሡትን፣ አውርጄ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ከጀርባዎ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፣ ሠላሳ ቆጥሬ ተውኩት። የማን ናቸው? እዚያ ያሉት ልጆች ይጠጣሉ?

ለእማዬ ይጻፉላት። ውሃው አለመሆኑን ብቻ ሳይሆን ምን እንደሆነም።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 16 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ዘግይቼ ከሆነ ሥራ ስለበዛብኝ ነው፤ እዚህ ሰው እንደናንተ ቁጭ ብሎ ፎቶ ሲቆጥር አይውልም።

ደብዳቤህን አንብቤ ብዕር ሦስት ጊዜ አንሥቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩ። አሁንም ቢሆን እንደ ትልቅ ሰው ታግሼ ነው የምጽፍልህ። በመጀመሪያ ደረጃ በሌላ ሰው ስም የተጻፈን ደብዳቤ ከፍራሽ ሥር አውጥቶ ማንበብ ማን አስተማረህ? በሁለተኛ ደረጃ እኔ በአንተ ዕድሜ ስሮጥ አሠልጣኛችን ውሃ ሲጠጣ ያገኘውን ልጅ በቀበቶ ነበር የሚለው። ቧንቧው አጠገብ ዘበኛ ያቆም ነበር። አልሞትንም። ይኸው ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ወንድምህ ምን በሽታ እንደነበረበት ማን መረመረው? ልቡ ቢሆንስ? ማንም የማያውቀውን ነገር በእኔ ራስ ላይ ለምን ትደፋዋለህ?

ይጠጣሉ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ይጠጣሉ። እነዚህ በልተው ያደሩ፣ ሲያስነጥሳቸው ሐኪም የሚጠራላቸው ናቸው። እኛ ሌላ ነን።

እናትህ ስለመውደቋ አዝኛለሁ። ከእኔ በላይ የሚያዝንላት የለም፤ የአንድ እናት ጡት የጠባን ነን። ለእሷ የምጽፈውን አስቤ እጽፋለሁ። እስከዚያው ግን ያን የሐምሌ ደብዳቤ በጥንቃቄ አሽገህ መልሰህ ላክልኝ። እናንተ ቤት መቀመጡ ጥሩ አይደለም፤ አንድ ቀን ጎረቤት ያነብላት ይሆናል፣ ያኔ የሚደርስባትን አስብ። ከዚህ በኋላ ስለ ጫማው አልጠይቅህም። ደብዳቤውን ብቻ።

አጎትህ


የካቲት 4 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ለዚህ ደብዳቤ ሌላ መግቢያ አላገኘሁለትም።

የሐምሌውን አልክልዎትም። አልደብቀውም፣ አላቃጥለውም፣ ለጎረቤትም አልሰጠውም። ለእማዬም አላነበብኩላትም። ለምን እንዳላነበብኩላት ሊነግርዎት የሚችል እኔ ብቻ ነኝ፤ አሁን እነግርዎታለሁ።

«ሰዓት ያዡ ይጠብቅህ» ብለው ጽፈዋል። እኔ ጠበቅኩት።

ድልድዩ ጋ የመኪና ማጠቢያ አለ። አጣቢው ጎማ ጫማ አድርጎ የጎማ ቱቦውን እንደ እባብ በክንዱ ጠቅልሎ ይቆማል። ሁልጊዜ ስናልፍ ይለክፈናል፤ «ሸንበቆ፣ ና ረጠብ በል፣ በነፋስ ልትሰበር ነው!» ይላል፣ እኔን ደግሞ «አንተ ፈረሰኛ፣ ውረድና ግፋለት» ይለኛል። ወንድሜ እጁን አውለብልቦ ያልፋል። ያን ቅዳሜ ዘግይተን ነው የወጣነው። ሁለት ሰዓት ስንጀምር ፀሐዩ ወጥቶ አልቆ ነበር። በሦስተኛው ዙር ድልድዩ ጋ ስንደርስ ወንድሜ ቆመ። ከሐምሌ ወዲህ አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም። ፊቱ ላይ ላብ አልነበረም፤ እኔ ይህን ጥሩ ምልክት መስሎኝ ነበር፣ «ላቡ ደረቀ» ብዬ። አጣቢው አልቀለደም። ቱቦውን ዘቅዝቆ ውሃውን አሳንሶ «ና ጠጣ ልጄ» አለው። ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ «አንድ ጉንጭ ብቻ» አለኝ።

ሰዓቱን ከፍ አድርጌ አሳየሁት። ከዚያ «ጋሼ ምን አለ?» አልኩት።

ሳቀ፤ ከንፈሩ ሲሰነጠቅ አየሁ። አጣቢው ወደ እኔ «ምን ዓይነት ልጅ ነህ አንተ?» አለኝ። ወንድሜ መሮጥ ጀመረ። እኔ በብስክሌት ተከተልኩት።

እንግዲህ ጋሼ፣ ለእማዬ እኔ ብነግራት ከየት ልጀምር? ከእርስዎ ብጀምር ወደ እኔ ይመጣል፤ ይህን ፈርቼ አራት ወር ሙሉ እየጠበቅኩዎት ነው። እርስዎ ብቻ ቢጽፉላት እኔን ሳይነካ ያልፋል ብዬ ነበር። ይህም ውርደት ነው፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። አሁን ግን ጊዜ የለም። ጀርባዋን ይዛ ነው የምትሄደው። እግሯ አብጧል። ትናንት ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ «እናትህ እንድትኖር የምትፈልግ ከሆነ አስጠጣት» አለችኝ፤ እንዴት እንደምንታገል እሷ አታውቅም። ብርጭቆውን አፏ ላይ ሳደርስ ጥርሷን ትገጥማለች፤ ከዚያ ጀርባዬን እየደባበሰች «ተወኝ ልጄ፣ ይህቺን እንኳ ልክፈል» ትለኛለች።

እሷ የምትከፍለው የእኛን ነው። የእርስዎንና የእኔን።

ልብ ነው ይላሉ፣ በሽታ ነው ይላሉ። ይሁን። ልብ ቢሆንም ውሃው ግን አይደለም። ይህን ያህል እንኳ ይጻፉላት።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 27 ቀን

ልጄ፣

ቡራኬ አልጽፍልህም፤ አፌ ላይ አልመጣልኝም። ለእናትህ የሚሆነው ገጽ ለብቻው ታጥፎ ውስጥ አለ። ከዚያ በፊት ይህን ለራስህ አንብብ።

እኔ አሠልጣኝ አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር አንዲት መስኮት የሌላት ክፍል አለች፤ ሥራዬ እዚያ ነው። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት እገባለሁ። ትናንት ያጠብኳቸውን ጠርሙሶች ከተደፉበት አነሣለሁ፣ በየልጁ ባለ ቀለም ፕላስተር እለያለሁ፣ በቱቦ እሞላለሁ፣ በጋሪ ገፍቼ ወጥቼ ጠረጴዛው ላይ እደረድራለሁ። ከመሮጣቸው በፊት ይጠጣሉ፣ በየአራት ዙሩ እያለፉ ይነጥቃሉ፣ ጨርሰው ይጠጣሉ። የጣሉትን ከሣሩ ላይ ለቅሜ እመልሳለሁ። ስድስት ዓመት ይህን ነው የሠራሁት። ፊሽካው የተውሶ ነበር።

እንግዲህ ከእኔ በላይ ያወቀ የለም። አንድ ቀን ሙቀት በርትቶ አንዱ ልጅ ሲንገዳገድ አሠልጣኙ እየሮጠ መጥቶ ከእጄ ጠርሙስ ነጥቆ ራሱ ላይ ሲያፈስለት አይቻለሁ። እኔን «ለምን አንድ ጠርሙስ አነሰ?» ብሎ ጮኸብኝ። ለወንድምህ ግን ያን በቀበቶ ያስተማሩኝን ነው የጻፍኩለት። የሯጭ ምስጢር ጠየቀኝ፤ እኔ ጋ ያለው ምስጢር እሱ ብቻ ነበር። «ውሃ ጠጣ» ብዬ ብጽፍለት ማንም የሚያውቀው ነገር ነው፤ አሠልጣኝ አያሰኝም።

አሁን አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። ነሐሴ ላይ ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር። «ጋሼ፣ ስመለስ ራሴን ያዞረኛል፣ ሽንቴም እንደ ሻይ ጠቁሯል። ጠዋት ሳልወጣ አንድ ብርጭቆ ብጠጣ ጥፋት ነው?» ይላል። ጋሪዬ ላይ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት፤ በሁለቱም ጎኔ ጠርሙስ ነው። እዚያው «ሰውነትህ እየለመደ ነው፣ በርታ» ብዬ ጻፍኩና ላክሁ። የሐምሌውን ብሽረው ሁሉንም መሻር ይሆንብኛል ብዬ። ካንተ በፊት እኔን ጠይቋል። አንተ ያሳየኸው ሰዓት ነው፤ እሱን የያዘው እጅ የእኔ ነው።

ቦታ አስይዣለሁ ያልኩትም፣ ስሙን ጽፌ አሠልጣኙ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ነበር። አንብቦት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

ለእናትህ ሁሉንም ጽፌያለሁ። የአንተን ግን አልጻፍኩም። እዚያ ገጽ ላይ አንተ የለህም። እንደዚያው አንብብላትና ይብቃ። ስለ እኔ የምትለውን ጻፍልኝ፤ የፈለገችውን ትበል።

አጎትህ


መጋቢት 26 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ደብዳቤዎ ደርሶናል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው ያነበብኩላት። የቤት ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የጎረቤት መጋረጃ ጠርዝ እየሰፋች ነበር። «ከአጎቴ ነው፣ ለአንቺ ብቻ ነው» አልኳት። እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሣ «አንብበው» አለች። ሥራዎን የጻፉበት ጋ ስደርስ መኪናው ቆመ። ቀና ብላ ግን አላየችኝም። «እህቴ፣ አንቺ የሰጠሽው ውሃ አይደለም የገደለው። ያን ውሃ እኔ ሁለት ወር ተኩል ከለከልኩት፤ አንቺ ስትሰጪው መሽቶበት ነበር» የሚለውን ሳነብ እጇን አነሣች። «ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ አስደገመችኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩና አጠፍኩት።

ከዚያ «አንተ ከኋላው አልነበርክም እንዴ?» አለችኝ።

እርስዎ እኔን ከገጹ አውጥተውኝ ነበር። ልክ ነዎት፣ አልነበርኩበትም። «ምንም አላለኝም» ብላት ታምነኝ ነበር። ግን አምስት ወር ሙሉ አንድ ያልተባለ ነገር ምን እንደሚያደርጋት አይቻለሁ። ነገርኳት። የመኪና አጣቢውን፣ ቱቦውን፣ «አንድ ጉንጭ ብቻ» ማለቱን፣ እኔ ያልኩትን።

«ከዚያስ?» አለች።

«ሳቀ።»

«ከዚያስ?»

«ሮጠ» አልኳት።

ተነሣች። እግሯ እየከበዳት ወደ ማቀዝቀዣው ሄዳ በእጇ ከፈተችው። ብርጭቆ ሙሉ ቀድታ ቆማ ጠጣች። ደገመች። ሦስተኛውን ስትጠጣ ውሃው በአገጯ እየወረደ የቀሚሷን ደረት አራሰው፤ አልጠረገችውም። ብርጭቆውን አጥባ ደፋችው። ወደ መኪናዋ እየተመለሰች «ለአጎትህ ደርሶናል ብለህ ጻፍለት። ቢያንስ እሱ ሳይጠየቅ ጽፏል በለው» አለች። ስንት ጊዜ እንደለመንኩዎት አታውቅም። አልነገርኳትም።

ስለ እርስዎ ያለችው ይኸው ነው። ይቅርታ ይሁን አይሁን እኔ ልተረጉምልዎት አልችልም፤ ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ የከፋ ይልዎት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አሥራ አንድ ቀን ሆኗል። ጠዋት ስትነሣ ትጠጣለች፤ ጠርሙሱን ሞልታ ይዛ ትወጣለች። ኃላፊዋን መንገድ ላይ አግኝቼ ጠይቄያታለሁ፤ አትደፋውም፣ ጨርሳ ሌላ ታስሞላለች አለችኝ። እብጠቱ ከእግሯ እየጎደለ ነው። ነርሷ «እንዴት አድርገህ አሳመንካት?» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። የጠየቅኩዎትን አድርገዋል፤ ስለዚህ አመሰግናለሁ።

እኔን ግን አታናግረኝም። ትምህርት ቤት ስሄድ አትሸኘኝም፣ ስመለስ አትጠይቀኝም። ምግቤ ጠረጴዛ ላይ ተከድኖ ይጠብቀኛል። አትቆጣም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት እሷ ማቀዝቀዣውን ስትከፍት ብርጭቆዬን ይዤ አጠገቧ ቆምኩ። ለራሷ ቀዳች። ከዚያ የጠርሙሱን ክዳን አጥብቃ ወደ ቦታው መለሰችው።

የእህትዎ ልጅ፣
የቀረው